ከሆድ ኦፕራሲዮን በፊትና በኋላ ስለ ሳንባ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በቀዶ ጥገና ክፍል የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሰዎች የሚመጡት ለሆዳቸው ነው። እኔ ደግሞ የምጠይቃቸው ስለ ትንፋሻቸው ነው። ብዙዎቹ ግር ይላቸዋል። «ልጄ፣ እኔን ያመመኝ ሐሞቴ ነው፤ ሳንባዬ ምን ሆነ?» ይሉኛል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ችግሩ፣ አብዛኛው ሰው መልሱን የሚሰማው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ነው፤ ሕመምና እንቅልፍ አንድ ላይ ሲጫኑት። ያን ጊዜ የሚነገረው ነገር ጆሮው ላይ አይቀመጥም። ስለዚህ አልጋ አጠገብ በየቀኑ የምጠየቃቸውን እዚህ ጻፍኳቸው። ቀጠሮ የተያዘለት ሰው ቢያነበው ደስ ይለኛል። አስታማሚው ቢያነበው ደግሞ የበለጠ።

«የተከፈተው ሆዴ ነው። ሳንባዬ ምን አገባው?»

ሳንባ ራሱን በራሱ መንፋት አይችልም። አየር የሚያስገባለት ከሥሩ የተዘረጋው ድያፍራም የሚባል ጡንቻ ነው። ደረትንና ሆድን ይለያል፤ ቅርጹ የተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል። አየር ስንስብ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሳንባም አብሮት ይለጠጣል። ዝም ብለን ተቀምጠን ስንተነፍስ የሚንቀሳቀሰው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ደረታችን እስኪሞላ ስንስብ ግን እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሊወርድ ይችላል።

አሁን ጎረቤቶቹን አስቡ። ጉበት፣ ጨጓራ፣ ሐሞት ከረጢት፣ ጣፊያ፣ ሁሉም ያሉት ድያፍራም ሥር ነው። እዚያ አካባቢ ሲቆረጥና ሲነካካ ነርቮች ድያፍራሙን ያዝ ያደርጉታል። ጡንቻው አልተቆረጠም፤ ግን እንደ ልቡ አይሠራም። የቁስሉ ሕመም ይጨመርበታል። ሕመምተኛው ሳያስበው ሆዱን ግትር ያደርጋል። በደረቱ የላይኛው ክፍል ብቻ አጭር አጭር ይተነፍሳል።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጤነኛ ሰው በየጥቂት ደቂቃው ሳያውቀው አንድ ረዘም ያለ ትንፋሽ ይስባል። «እፎይ» ስንል የምንስባት ዓይነት። ማንም ልብ አይላትም። ሥራዋ ግን ትልቅ ነው፤ መዘጋት የጀመሩ ትንንሽ የአየር ከረጢቶችን መልሳ ትከፍታለች። ከሆድ ኦፕራሲዮን በኋላ ይህች ትንፋሽ ትጠፋለች። እኛ የምናስተምረው የትንፋሽ ልምምድ በሙሉ እሷን አውቆ ለመተካት ነው።

«ሳንባዬ ምን ያህል ነው የሚቀንሰው? ይመለሳል?»

ይመለሳል። ይህን አስቀድሜ ልበል፤ ሳንባው ለሁልጊዜ የተበላሸ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

የሳንባ መለኪያው ስፓይሮሜትር ይባላል። ጆን ሀቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1846 ለንደን ላይ ነው ያስተዋወቀው፤ ከ2,000 በላይ ሰዎችንም ለክቶበታል። ሰውየው ደረቱ እስኪሞላ ይስብና እስኪያልቅ ድረስ ያወጣል፤ የወጣው አየር ይለካል። ከእምብርት በላይ ሆድ በሰፊው ከተከፈተ፣ ይህ መጠን በመጀመሪያው ቀን በግማሽ ገደማ ይወርዳል። 4 ሊትር ያወጣ የነበረ ሰው 2 ሊትር ያወጣል ማለት ነው። ቁስሉ ከእምብርት በታች ከሆነ የሚቀንሰው ሩብ ገደማ ነው። በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳዎች የሚሠራው፣ ሰፊ ተከፍቶ ከሚሠራው ይቀላል። የሚብሰው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው። ከዚያ ቀስ በቀስ ያገግማል፤ በአንድና በሁለት ሳምንት መካከል አብዛኛው ይመለሳል።

መጋደም ራሱ ከሳንባ ይቀንሳል። አንድ ጤነኛ ሰው ከቆመበት በጀርባው ሲተኛ፣ ከተነፈሰ በኋላ ሳንባው ውስጥ የሚቀረው አየር ከ0.8 እስከ 1 ሊትር ያህል ያንሳል። ሙሉ ሰመመን ሲሰጠው ደግሞ ሌላ ግማሽ ሊትር ገደማ ይቀነሳል። በሙሉ ሰመመን ከሚተኙ 10 ሰዎች 9ኙ ገደማ የሳንባቸው የታችኛው ክፍል በመጠኑ ይጨማደዳል። ኦፕራሲዮኑ ቀላል ከሆነ ቶሎ ይፈታል። ሆድ ከተከፈተ ግን ለቀናት ሊቆይ ይችላል።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ዊልያም ፓስተር የተባለ የለንደን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1910 ከሆድ ኦፕራሲዮን በኋላ ስለሚጨማደድ ሳንባ ጽፏል። ምክንያቱ ትንፋሽ የመሳብ አቅም መድከሙ እንደሆነም አይቷል። ይኸው ከ100 ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬም ይህን ሳይነገራቸው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል የሚገቡ ሰዎችን ሳይ አዝናለሁ።

«የሳንባ ምች የሚይዘው ብርድ መትቶት አይደል?»

አይደለም። ይህ እምነት በጣም ሥር የሰደደ ነው። መስኮቱ ይዘጋል። ብርድ ልብስ ላይ ጋቢ ይደረባል። ሕመምተኛው «ብርድ እንዳይመታህ አትንቀሳቀስ» ይባላል። ችግሩ ግን ከውስጥ ነው የሚነሳው። የተጨማደደው የሳንባ ክፍል አየር አይገባበትም። አክታ እዚያ ይጠራቀማል። ሕመምተኛው ስለሚያመው አይስልም፤ አክታውም አይወጣም። ከዚያ ባክቴሪያ ይራባበታል።

ባክቴሪያው ብዙ ጊዜ የሚወርደው ከራሳችን አፍ ነው። ለዚህ ነው አስታማሚ ሳገኝ የጥርስ ብሩሽ ይዛችኋል ወይ ብዬ የምጠይቀው። አሜሪካ ያለው ቦስተን ሜዲካል ሴንተር ጥልቅ ትንፋሽን፣ ሳልን፣ የአፍ ንጽሕናን፣ ሕመምተኛን ማስተማርን፣ ከአልጋ ማስነሳትንና የአልጋን ራስጌ ከፍ ማድረግን አንድ ላይ አድርጎ ሠራባቸው። ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚመጣው የሳንባ ምች ቀነሰለት። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ ውድ ነገር የለም።

ሞቅ አድርጎ መልበስ ክፋት የለውም። መስኮቱን ግን ክፈቱት። ጭስም አታስጠጉ። ሕመምተኛው ቤት ሲገባ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ቡና ይፈላል፤ ዕጣን ይጨሳል። ደስታችን ይገባኛል። ከሰሉና ዕጣኑ ግን በረንዳ ላይ ይሁን።

«በማን ላይ ይበልጥ ይከፋል?»

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የስፔን ካታሎኒያ ጥናት ሰባት ነገሮችን ለይቷል። ዕድሜ፣ ከኦፕራሲዮን በፊት ዝቅ ያለ የደም ኦክስጅን፣ ባለፈው አንድ ወር የያዘ የመተንፈሻ ኢንፌክሽን፣ ከ10 ያልበለጠ ሄሞግሎቢን፣ ቁስሉ ከእምብርት በላይ ወይም ደረት ላይ መሆኑ፣ ከ2 ሰዓት በላይ የሚወስድ ኦፕራሲዮን፣ እና ድንገተኛ መሆኑ። ዕድሜን መቀየር አይቻልም። ደም ማነስንና ኢንፌክሽንን ግን ጊዜ ካለ አክሞ መግባት ይቻላል። ስለዚህ «ደምህ አንሷል፣ ቀጠሮው ይራዘም» ስትባሉ አትበሳጩ። ሳንባችሁንም ጭምር እየጠበቁላችሁ ነው።

በእኛ አገር አንድ የሚረሳ ነገር አለ። አንዲት እናት «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ተብለው ሲጠየቁ «ኧረ በስመአብ!» ይላሉ። ካርዳቸው ላይ «አያጨሱም» ተብሎ ይጻፋል። እኚህ እናት ግን 40 ዓመት ሙሉ መስኮት በሌለው ማድቤት ውስጥ በማገዶና በኩበት እንጀራ ሲጋግሩ ኖረዋል። የማድቤት ጭስም እንደ ሲጋራ የአየር ቧንቧን ያጠባል። ስለዚህ ሐኪሙ ባይጠይቅም እናንተ ንገሩ። ከዓመታት በፊት ቲቢ ታሞ የዳነ ሰው ካለም ይናገር፤ ሳንባ ላይ ጠባሳ ትቶ ሊሆን ይችላል።

«የሳንባ ምርመራ ካልተደረገልኝ ኦፕራሲዮን አልገባም ብል?»

ስፓይሮሜትሪ ለሁሉም ሰው አያስፈልግም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ፣ ለሆድ ኦፕራሲዮን ሁሉም ሰው በልማድ ይነፋ የሚለውን አይደግፍም። የሚጠቅመው ምክንያቱ ያልታወቀ ትንፋሽ ማጠር ላለበት፣ ወይም አስም ወይም የቆየ የሳንባ ሕመም ለሚጠረጠርበት ሰው ነው። በጥሞና መጠየቅና ደረትን ማዳመጥ ብዙ ይናገራል። እኔ ደረጃ ነው የምጠይቀው። ሁለት ፎቅ ሳያርፉ ይወጣሉ? መሐል ላይ ቆመው አየር የሚፈልጉ ከሆነ ሰመመን ሰጪው ይህን ማወቅ አለበት።

«ሲጋራ መቼ ላቁም? ሺሻስ?»

ዛሬ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ባወጣው መግለጫ፣ ከኦፕራሲዮን ቢያንስ 4 ሳምንት ቀደም ብለው ያቆሙ ሰዎች ችግር እንደሚቀንስላቸው ገልጿል። ከዚያ በላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ሳምንትም ይጠቅማል። ሳንባ አክታን ጠርጎ የሚያወጣበት አሠራር እስኪያገግም ሳምንታት ይፈልጋል።

4 ሳምንት የለኝም ለምትሉ፣ አንድ ቀንም ዋጋ አለው። የሲጋራ ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። በአንድ ቀን ውስጥ ግን አብዛኛው ይወጣል። «ሊደርስ ሲል ማቆም የባሰ አክታ ያመጣል» የሚባለውን አትስሙ፤ ማስረጃ የለውም። ሺሻም ያው ጭስ ነው። ውኃ ውስጥ ማለፉ አያጠራውም።

«ጉንፋን ይዞኛል። አስምም አለብኝ። ልደብቅ?»

አትደብቁ። ሰው ቀጠሮው እንዳይሰረዝበት ፈርቶ ሳሉን ውጦ ይገባል። ቀጠሮ እስኪደርስ ስንት ወር እንደተጠበቀ ስለማውቅ ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ከጉንፋን በኋላ የአየር ቧንቧ ለሳምንታት ቁጡ ሆኖ ይቆያል፤ ለሰመመን የመተንፈሻ ቱቦ ሲገባበት ሊጠብ ይችላል። የማይቸኩል ኦፕራሲዮን ከሆነ መጠበቅ ይሻላል። አስም ያለባችሁ ደግሞ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ። ኢንሄለራችሁን በዕለቱ ይዛችሁ ኑ፤ ለሰመመን ሰጪውም አሳዩት።

አብሮ የሚደበቅ ሌላ ነገር ምግብ ነው። ጠንካራ ምግብ 6 ሰዓት፣ ውኃ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ይቁም የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰመመን ጊዜ ጨጓራ ውስጥ ያለው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ወተት እንደ ምግብ ይቆጠራል። ሆስፒታላችሁ ከዚህ የረዘመ ሰዓት ካዘዘ የእሱን ጠብቁ።

«ከኦፕራሲዮን በፊት ምን ልለማመድ?»

እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው፤ ከሁሉም በላይ እንድትሰሙኝ የምፈልገው ይህን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ አንድ ጥናት ታተመ። ከእምብርት በላይ ሆዳቸው የሚከፈት 441 ሰዎች ነበሩበት። ግማሾቹ ወረቀት ብቻ ተሰጣቸው። ግማሾቹ ደግሞ ከወረቀቱ ጋር አንድ ፊዚዮቴራፒስት ለ30 ደቂቃ ያህል አነጋገራቸው። ሳንባ ለምን እንደሚጨማደድ ተነገራቸው፤ የትንፋሽ ልምምዱን አሠራቸው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት። ወረቀት ብቻ ከያዙት 100 ሰዎች 27ቱ የሳንባ ችግር ገጠማቸው። ከተማሩት 100 ሰዎች 12ቱ ብቻ። አዲስ መድኃኒት የለም፤ ማሽን የለም። የግማሽ ሰዓት ወሬ ነው። ይህን ጥናት ያነበብኩ ቀን ሥራዬን እንደ አዲስ ወደድኩት።

ልምምዱ ይኸው። ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ። አንድ እጅ ሆዳችሁ ላይ አድርጉ። በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ እጃችሁ ወደ ፊት ሲገፋ ይታወቃችሁ። ሲሞላ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ያዙት። ከዚያ ቀስ ብላችሁ በአፍ አውጡ። እንዲህ 10 ጊዜ። ትንሽ አርፋችሁ እንደገና 10። ከዚያ ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ሆዳችሁ ላይ በሁለት እጅ ደግፋችሁ ሦስት ጊዜ ሳሉ። ካዞራችሁ ቁሙ፤ ቸኩላችኋል ማለት ነው።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ነቅታችሁ ባላችሁበት እያንዳንዱ ሰዓት ይህን ትደግማላችሁ። የመጀመሪያው ዙር ከሰመመን እንደነቃችሁ ነው፤ ነገ አይደለም። ሳታውቁት እጃችሁ ወደ ትራሱ እስኪሄድ ድረስ ቤታችሁ ተለማመዱ። ሳምንታት ካላችሁ ደግሞ በየቀኑ በፍጥነት ተራመዱ፤ ዳገት ካለ ዳገቱን ውጡ።

«ብስል ስፌቱ ይፈታል። እፈራለሁ።»

ይህን ያላለኝ ሕመምተኛ ጥቂት ነው። እኔም ፈርቼ አውቃለሁ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ አክስቴ አንጀቷ ተዘግቶ በድንገት ኦፕራሲዮን ሆነች። አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። ዘወር ልትል ስትል «እትዬ፣ ተይ፣ ስፌቱ ይፈታል» እላለሁ። ሳል ሲመጣባት «ዋጥ አድርጊው» እላለሁ። ከፍቅር ነበር። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ጀመራት፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ። የሳንባ ምች ሆነ። እግዚአብሔር ይመስገን ዳነች። ግን ሁለት ሳምንት ተጨማሪ ተኛች። በዚያ ክፍል ውስጥ «አስነሷት፣ አስሏት» ያለን ሰው አልነበረም።

አሁን የማውቀውን ልንገራችሁ። ከላይ የምታዩት የቆዳው ስፌት ነው። ሆዱን የሚይዘው ከሥር ያለው ጠንካራ ሽፋን ነው፤ እሱም በጠንካራ ክር ለብቻው ተሰፍቷል። ትራስ ደግፎ የሚሳል ሳል አይፈታውም። ስፌትን የሚያደክመው የቁስል ኢንፌክሽንና የምግብ እጥረት ነው። ሳል ያስፈራል ከተባለም፣ የሚያስፈራው ሳንባ ከታመመ በኋላ ቀን ከሌት የሚያንዘፈዝፈው ሳል ነው። እሱ እንዳይመጣ ነው ዛሬ ሦስቴ ሳሉ የምንላችሁ።

መሳል በጣም ካመማችሁ ሌላ መንገድ አለ። አፋችሁን ከፍታችሁ፣ መስታወት ላይ ጉም ለመሥራት እንደምትተነፍሱ «ሃ!» ብላችሁ በኃይል አውጡ። ሁለት ሦስት ጊዜ። አክታው ወደ ላይ ሲመጣ አንዴ ብቻ መሳል ይበቃል።

«ማስታገሻ ማብዛት ሱስ ያስይዛል ይባላል። ልቻለው?»

አትቻሉት። ሕመም መቻል እንደ ጉብዝና የሚታይበት አገር ነው ያደግነው። እዚህ ቦታ ላይ ግን መቻል ሳንባን ይጎዳል። ያመመው ሰው በደንብ አይስብም፣ አይስልም፣ አይነሳም። ለጥቂት ቀናት በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ማስታገሻ ሱሰኛ ያደርገኛል ብላችሁ አትፍሩ። በሰዓቱ ጠይቁ። ጥሩው ዘዴ መድኃኒቱን መውሰድ፣ እስኪሠራ መጠበቅ፣ ከዚያ ልምምዱን መሥራትና መራመድ ነው። ትልቅ ኦፕራሲዮን ከሆነ በጀርባ በኩል በቀጭን ቱቦ የሚሰጥ ኤፒዱራል የሚባል ማደንዘዣ አለ፤ ሳንባንም ይጠቅማል። ሆስፒታላችሁ ካለው ጠይቁ።

አንድ ጥንቃቄ ለአስታማሚ። ሞርፊንና መሰሎቹ ሲበዙ ትንፋሽን ያዘገያሉ። ሕመምተኛው ሲጠራ በቀላሉ የማይነቃ ከሆነ ወዲያው ነርስ ጥሩ።

«ዘመዶቼ ከአሜሪካ ኳስ ያለው የሚሳብ ፕላስቲክ ልላክልህ ይሉኛል። ይጠቅማል?»

አሜሪካ ያሉ ሆስፒታሎች ለብዙ ሕመምተኛ ይሰጡታል። አየር ሲስቡበት ኳሷ ትነሳለች። ለማስታወስና ለማደፋፈር ደግ ነው። ካለ ተጠቀሙበት። ከሌለ ግን ምንም አልቀረባችሁም። ኮክሬን የሚባል የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ጥናቶቹን አንድ ላይ የመዘነ ግምገማው፣ ከእምብርት በላይ በሚሠራ ኦፕራሲዮን ይህ መሣሪያ የሳንባ ችግርን ለመከላከሉ በቂ ማስረጃ አላገኘም። የጠየቃችሁ ዘመድ ገንዘቡን ለእንቁላልና ለወተት ቢልክ ይሻላል።

«መቼ ልነሳ?»

ሐኪማችሁ ካልከለከለ፣ በዚያው ቀን ማታ አልጋ ጫፍ ላይ እግር አንጠልጥሎ መቀመጥ። በማግስቱ ወንበር ላይ፣ ከዚያ ጥቂት እርምጃ። በተኛችሁበት ሰዓት ደግሞ ራስጌው ከፍ ይበል። የሚታጠፍ አልጋ ከሌለ ትራስና ብርድ ልብስ ደራርቡ። የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነው፤ ማዞርም አለ። ስለዚህ ብቻችሁን አትነሱ። ከጎን ዞራችሁ፣ በክርናችሁ ተደግፋችሁ፣ እግራችሁን እያወረዳችሁ ተነሱ። በቀጥታ ወደ ፊት መነሳት ሆድን ይጎትታል።

ጠያቂዎች እባካችሁ። አሥር ሆናችሁ አልጋ ስትከቡ ሕመምተኛው በይሉኝታ ዝም ብሎ ይተኛል። ለእናንተ ሲል አይስልም፣ አይነሳም። ይልቅ አንዳችሁ እጁን ያዙትና እስከ ኮሪደሩ ጫፍ አብራችሁት ተራመዱ። ከዚህ የበለጠ ጥየቃ አላውቅም።

«ሆዴን በመቀነት ልሰር?»

ደገፍ የሚያደርግ የሆድ ቀበቶ ለመነሳትና ለመራመድ ይረዳል፤ ሕመምም ይቀንሳል። በልኩ ከታሰረ ትንፋሽ አይቀንስም። እናቶቻችን እንደሚያደርጉት ጥርቅም አድርጎ ማሰር ግን ሌላ ነገር ነው። መቀነቱ ሥር እጅ ካልገባ፣ ወይም ረጅም ትንፋሽ ስትስቡ ከያዛችሁ አላሉት። ስትተኙ ፍቱት።

«ጣት ላይ የሚደረገው የደም ኦክስጅን መለኪያ 93 አለ። ልደንግጥ?»

ከፍታውን አስቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ሁልጊዜ አይሠራም። በሌላ በኩል የእኛ ደጋ ሰው ከፍታን መቻሉ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት፣ በስሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ለክቶ አማካዩን 95.3 በመቶ አግኝቷል። ዋናው ነገር የራሳችሁ ቁጥር ነው። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ስንት እንደነበረ ጠይቃችሁ ጻፉት። 94 የነበረ ሰው 93 ቢል ሌላ ነው፤ 97 የነበረ ሰው 90 ሲል ሌላ ነው። ጥፍር ላይ ሂና ወይም ቀለም ካለ፣ እጅም ከቀዘቀዘ መለኪያው ይሳሳታል።

«ሐሞቴን በላፓሮስኮፒ ወጣልኝ። ትከሻዬን ለምን ያመኛል?»

ሆድን ለመንፋት የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ድያፍራሙን ያስቆጣል። የድያፍራም ነርቭ የሚነሳው አንገት ላይ ስለሆነ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። በሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል። መራመድ ይረዳል። ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ግን ለሐኪም ንገሩ።

«በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት። ይህ እኔንም ይመለከታል?»

አዎ፣ ግን ቀለል ባለ መልኩ። ቁስሉ ከእምብርት በታች ነው። ማደንዘዣውም ብዙ ጊዜ በወገብ የሚሰጠው ነው። ረጅም ትንፋሽ፣ ትራስ ደግፎ መሳልና ቶሎ መነሳት ይበቃል። አራሷ አትነሳም የሚለው ነገር ግን ለሳንባም ለእግር የደም ሥርም ጥሩ አይደለም።

«ድንገተኛ ከሆነስ? ለመለማመድ ጊዜ የለም።»

ትርፍ አንጀት ፈንድቶ ወይም አንጀት ታጥፎ የመጣ ሰው ትምህርት የሚሰማበት ጊዜ የለውም። እንግዲህ ተማሪው አስታማሚው ነው። ሕመምተኛው ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ እያለ፣ ውጭ ቁጭ ብላችሁ በምትጠብቁበት ሰዓት ልምምዱን ራሳችሁ ሥሩት። ሲነቃ እያሳያችሁ አብራችሁት ተንፍሱ። ስልካችሁን በየሰዓቱ እንዲጮህ አድርጉት።

«መቼ ነው ሐኪም የምጠራው? ቤት ከገባሁስ?»

ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከሳል ጋር ከመጣ። አክታው ቢጫ፣ አረንጓዴ ወይም ዝገት መሰል ከሆነ። ተቀምጦ በደቂቃ ከ25 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ ከሆነ፤ ደረቱ ሲነሳ በሰዓት ቁጠሩ። ከንፈሩ ከጠቆረ። ሽማግሌ ሰው ድንገት መቀባዠር ከጀመረ፤ በእነሱ ላይ የሳንባ ምች ያለ ትኩሳትም ይመጣል። ቁስሉ ድንገት ቀይ ውኃ ካፈሰሰ።

አንዱን ለብቻው ልጻፈው። አንድ እግር ካበጠና ካመመ፣ ወይም ድንገት ደረት ወግቶ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደም ረግቶ ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ይህ ከኦፕራሲዮኑ ሳምንታት ቆይቶም ይመጣል። እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ስትደርሱ በምን ቀን ምን ኦፕራሲዮን እንደተደረገ መጀመሪያ ተናገሩ፤ የመውጫ ወረቀቱንም ይዛችሁ ሂዱ።